አቡነ ኤዎስጣቴዎስና የሰንበት ዕረፍት

ኢዮቤልዩ የሚለው ስም ከኦሪት ዘሌዋውያን የመጣ ነው። ሰባት ጊዜ ሰባት ዓመት ተቈጥሮ አምሳኛው ዓመት ሲገባ መለከት ይነፋ ነበር፤ ምድር ከእርሻ ታርፋለች፤ ከድኽነት የተነሣ ርስቱን የሸጠ ወደ ርስቱ ይመለሳል፤ ራሱን ለባርነት አሳልፎ የሰጠም ነጻ ወጥቶ ወደ ወገኑ ይገባል። እንግዲህ ኢዮቤልዩ የደስታ በዓል ብቻ ሳይሆን የነጻነት በዓልም ነው። ሥሩም ሰንበት ነው። ሰባተኛው ቀን ሰባተኛውን ዓመት ወለደ፤ ሰባቱ ሰባተኛ ዓመታትም ኢዮቤልዩን ወለዱ። ስለዚህ የኮተቤ ምእመናን የቤተ ክርስቲያናቸውን ኢዮቤልዩ በሚያከብሩበት ጊዜ፥ ስለ ሰንበት ክብር ከአገራቸው ተሰደው በባዕድ ምድር ያረፉትን የአቡነ ኤዎስጣቴዎስን ሕይወት ማስታወስ የተገባ ነው። ከዚህ በታች የሚነሡት ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮጳ አቈጣጠር ናቸው።

አቡነ ኤዎስጣቴዎስ የተወለዱት በ1273 ዓ.ም. ገደማ በሰሜን ኢትዮጵያ ነው። አባታቸው ክርስቶስ ሞአ፥ እናታቸው ሥነ ሕይወት ይባሉ ነበር። በሕፃንነታቸው የወጣላቸው ስም ማዕቀበ እግዚእ ነው። ወላጆቻቸውም ፊደል ይቈጥሩ፥ ምግባርም ይማሩ ዘንድ በገርዓልታ የደብረ ማርያም አበምኔት ለነበሩት ለአጎታቸው ለአባ ዳንኤል ሰጧቸው። ገርዓልታ ከአለት የተፈለፈሉ አብያተ ክርስቲያናት የበዙበት አገር ነው። በየካ ተራራ ያለውን የዋሻ ሚካኤልን ፍልፍል ያየ የኮተቤ ሰው፥ ብላቴናው ማዕቀበ እግዚእ መዝሙረ ዳዊት የደገሙበት ስፍራ ምን እንደሚመስል በልቡ ሊስለው ይችላል። እዚያም አድገው፥ ከአጎታቸው እጅ ምንኵስናን ተቀብለው ኤዎስጣቴዎስ ተባሉ።

ከዚህ በኋላ ወደ ሰራዬ ወርደው ገዳም መሠረቱ። ትምህርታቸውን የሰሙ ብዙ ወጣቶች ዓለምን ንቀው ወደ እርሳቸው መጡ። ከነዚህም መካከል አባ አብሳዲ፥ አባ መርቆሬዎስና አባ ገብረ ኢየሱስ በኋላ ዘመን ስማቸው የታወቀ ሆነዋል። አቡነ ኤዎስጣቴዎስ ለልጆቻቸው ያስተማሩት ሥርዓት ጠንካራ ነበረ። መነኵሴ በእጁ ሥራ ይኑር እንጂ ከመኳንንት ደጅ ጕልት አይለምን፤ የባለጠጋ ስጦታ የመምህርን አንደበት ያስራልና፥ የሰው እንጀራ የበላ እውነቱን ለመናገር ይቸግረዋል የሚል ነበረ።

ከትምህርታቸውም ሁሉ የገነነው የሁለቱ ሰንበታት ነገር ነው። በዚያ ዘመን የእስክንድርያ መንበር እሑድን ብቻ ሰንበት አድርጎ ያከብር ነበር፤ ቀዳሚትን እንደ እሑድ አክብሮ ሥራ መተውንም የአይሁድ ሥርዓት ነው ብሎ ይነቅፍ ነበር። ጳጳሳቱ ከግብጽ የሚሾሙ ስለ ሆኑ፥ በኢትዮጵያም ቤተ መንግሥትና ትልልቆቹ ገዳማት ይህንኑ ይከተሉ ነበር። አቡነ ኤዎስጣቴዎስ ግን ቀዳሚት እግዚአብሔር ከፍጥረቱ ሥራ ያረፈባት፥ እሑድም ጌታ ከሙታን የተነሣባት ስለ ሆነች፥ አንዲቱን በሌላይቱ መሻር አይገባም፤ ሁለቱም በክብር ይጠበቁ ብለው አስተማሩ። ምስክራቸውም ዐሥርቱ ትእዛዛትና በሐዋርያት ስም የሚጠሩት የሥርዓት መጻሕፍት ነበሩ።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። የሰንበት ትእዛዝ በኦሪት ሲጻፍ ለቤቱ ጌታ ብቻ አልተጻፈም፤ ወንድ ባርያውና ሴት ባርያው፥ ከብቱና በደጁ ያለው መጻተኛም አብረው እንዲያርፉ የታዘዘበት ነው። የሐዋርያት ሥርዓትም ባሮች አምስት ቀን ሠርተው በቀዳሚትና በእሑድ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄደው ትምህርት እንዲሰሙ ያዝዛል። እንዲህ ከሆነ፥ ሁለቱ ሰንበታት ይከበሩ ማለት ለሥራ ቤት ሰው በየሳምንቱ የሁለት ቀን ዕረፍት ይሰጠው ማለት ነው። ስለዚህ አቡነ ኤዎስጣቴዎስ ሰንበትን ከማስተማር ጋራ የሰውን መሸጥና መለወጥ እንደ ነቀፉ ይነገራል። ወደ ቀይ ባሕር በሚወርደው የንግድ መንገድ ሰው እንደ ጨውና እንደ ዝሆን ጥርስ የሚሸጥበት ዘመን ነበርና፥ ይህ ቃል ለብዙዎች መራራ ሆነ። ሰው በሰንበት ቀን ሊያሳርፈው የታዘዘውን ወንድሙን በሰኞ ገበያ አውጥቶ ቢሸጠው ሰንበትን አከበረ አይባልም። ሁለቱ ትምህርቶች ከአንድ ሥር የበቀሉ ቅርንጫፎች ነበሩ።

ነገሩ እየሰፋ ሲሄድ ተቃዋሚዎች በረከቱ። ካህናት ከካህናት ተለያዩ፤ አንዱ ወገን ሌላውን ከማዕድና ከቍርባን እስከ መለየት ደረሰ። በመጨረሻ ዐፄ ዓምደ ጽዮን በነገሡበት ዘመን፥ በ1337 ዓ.ም. ገደማ አቡነ ኤዎስጣቴዎስ አገራቸውን ለቀው ለመሄድ ቈረጡ። ገዳሙንና የቀሩትን ልጆቻቸውን ለአባ አብሳዲ አደራ ብለው፥ ጥቂት ደቀ መዛሙርት አስከትለው ወደ ግብጽ ተጓዙ። ተቃዋሚዎቻቸውን በጦር ለመቋቋም ሰው አላስነሡም፤ የሄዱት ጳጳስን የሚሾመው ሊቀ ጳጳሳት ዘንድ ነው። ነገራቸውን ከቅርንጫፉ ትተው በግንዱ ፊት ለማቅረብ መውደዳቸው፥ ከቤተ ክርስቲያን አንድነት ለመውጣት እንዳላሰቡ ያስረዳል።

በግብጽ የእስክንድርያው ሊቀ ጳጳሳት አባ ብንያሚን ተቀበሏቸው፤ ዳሩ ግን በሰንበት ነገር ሊስማሙ አልቻሉም። አቡነ ኤዎስጣቴዎስም ከሃሳባቸው ሳይመለሱ ወደ ኢየሩሳሌም ሄደው ቅዱሳት መካናትን ተሳለሙ፤ ከዚያ በቆጵሮስ በኩል አድርገው ወደ አርማንያ ተሻገሩ። የአርማንያ ቤተ ክርስቲያን በሃይማኖት ከኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ጋራ አንዲት ናት። በገድላቸው እንደሚተረከው፥ መርከብ ባጡ ጊዜ ልብሳቸውን በባሕር ላይ ዘርግተው ከደቀ መዛሙርታቸው ጋራ ተሻግረውበታል። በብዙ አብያተ ክርስቲያናት ግድግዳ ላይ፥ ማዕበሉን በተነጠፈ ልብስ ሲያልፉ የሚታዩት አባት እርሳቸው ናቸው። በአርማንያም በእንግድነት ኖረው በ1352 ዓ.ም. ዐረፉ። ከአገራቸው ከወጡ ዐሥራ አምስት ዓመት ያህል ሆኗቸው ነበር። በዓላቸውም በየዓመቱ መስከረም 18 ቀን ይከበራል።

መምህራቸውን በባዕድ ምድር የቀበሩት ደቀ መዛሙርት ወደ ኢትዮጵያ ተመለሱ። ከዚህ በኋላ ያለው ታሪክ የልጆቹ ትዕግሥት ታሪክ ነው። ጳጳሱ ሰንበትን ካልተዋችሁ ክህነት አልሰጣችሁም ስላላቸው፥ ቀዳሽ እስኪያጡ ድረስ ተቸገሩ። ከቤተ መንግሥትና ከታላላቆቹ ደብሮች ተገልለው ወደ ዳር አገርና ወደ ተራሮች ወጡ። ዳሩ ግን መገለላቸው አላጠፋቸውም። አባ አብሳዲ በቆሓይን ደብረ ማርያምን አጸኑ፤ አባ ገብረ ኢየሱስ ወደ እንፍራዝ ሄደው ደብረ ሳንን መሠረቱ፤ የአባ አብሳዲ ልጅ አባ ፊልጶስም ከአሥመራ ወደ ምጽዋ በሚያወርደው መንገድ በላይ ባለው ከፍተኛ ተራራ ደብረ ቢዘንን አቀኑ። እያረሱና እየጻፉ ኖሩ፤ ወንጌል ላልደረሰበትም ሕዝብ አስተማሩ።

በ1400 ዓ.ም. በዐፄ ዳዊት ዘመን፥ ጳጳሱ አቡነ በርተሎሜዎስ በነበሩበት ጊዜ፥ አባ ፊልጶስና ጓደኞቻቸው ወደ ንጉሡ ከተማ ተጠርተው ሰንበተ ቀዳሚትን እንዲተዉ ታዘዙ። እነርሱም እንቢ ስላሉ አባ ፊልጶስ በሐይቅ ገዳም ታግደው አራት ዓመት ያህል ተቀመጡ። ዳሩ ግን ነገሩ በእስራት የሚያልቅ አልሆነም። በ1404 ዓ.ም. ዐፄ ዳዊት አባ ፊልጶስን ፈትተው፥ የኤዎስጣቴዎስ ልጆች በየገዳማቸው እንደ ሥርዓታቸው ሁለቱን ሰንበታት እንዲያከብሩ ፈቀዱ። ያም ቢሆን ክፍፍሉ አልዳነም፤ በአንዲት አገርና በአንዲት ሃይማኖት ሁለት ሥርዓት ቀረ።

ዕርቁ የተፈጸመው በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን ነው። ንጉሡ በ1450 ዓ.ም. በሸዋ በተጕለት በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ አደረጉ። ከእስክንድርያ የመጡት ሁለቱ ጳጳሳት አቡነ ሚካኤልና አቡነ ገብርኤልም ነበሩበት። በዚያም ጉባኤ ሁለቱም ሰንበታት በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ሁሉ እንዲከበሩ ተወሰነ፤ የአቡነ ኤዎስጣቴዎስ ልጆችም በበኩላቸው ከጳጳሳቱ እጅ ክህነትን ሊቀበሉ ተስማሙ። አንዱ ወገን ሥርዓትን አገኘ፥ ሌላው ወገን መታዘዝን አገኘ፤ የተለያዩትም ወንድማማቾች በአንድ መቅደስ ቆሙ። አቡነ ኤዎስጣቴዎስ በአርማንያ ካረፉ ዘጠና ስምንት ዓመት አልፎ ነበር።

ይህ ሁሉ የሩቅ ዘመን ወሬ የሚመስለው ሰው ቢኖር፥ የራሱን ኑሮ ይመልከት። ዛሬ በኮተቤ ቅዳሜ ቀን ምእመን በዐቢይ ጾም እንኳ ከምግብ ተከልክሎ እስከ ሰዓት አይውልም፤ እንደ እሑድም ስግደት አይሰግድም። በዓመት አንዲት ቅዳሜ ብቻ፥ ጌታ በመቃብር ያደረባት የትንሣኤ ዋዜማ ትጾማለች፤ በዚህም ክብሯ ለዚያ ቀን ስለ ተሻረ ቀዳም ሥዑር ተባለች። ምእመኑ ሳያስበው የሚጠብቀው ይህ ልማድ፥ መነኰሳት በስደትና በእስራት የከፈሉለት ዋጋ ነው።

ዳሩ ግን ታሪክ ያለ አድልዎ ሲመረመር ሌላም ነገር ይነግራል። ከአንድ ሥር ከበቀሉት ሁለት ቅርንጫፎች አገሪቱ የተቀበለችው አንዱን ነው። የሰንበት ነገር በደብረ ምጥማቅ ሲጸና፥ የሰው መሸጥ ነገር ግን ሳይቈረጥ ቀረ። ሁለቱን ሰንበታት የሚያከብሩ ክርስቲያኖች ከዚያም በኋላ ለብዙ መቶ ዓመታት በቤታቸው ባርያ ነበራቸው። በሌላውም ዓለም ነገሩ እንዲሁ የዘገየ ነበር። በሰሜን አሜሪካ ኩዌከር የሚባሉት ክርስቲያኖች ከእነ ጆን ዉልማን ብዙ ተግሣጽ በኋላ፥ በፊላደልፍያ ጉባኤያቸው ከአባሎቻቸው ማንም ባርያ እንዳይኖረው የከለከሉት በ1776 ዓ.ም. ነው። በኢትዮጵያም ራስ ተፈሪ በ1924 ዓ.ም. ባሮችን ቀስ በቀስ ነጻ የሚያወጣ ሕግ አወጡ፤ ባርነት በአዋጅ ፈጽሞ የተሻረው ግን በ1942 ዓ.ም. ነው። ከአቡነ ኤዎስጣቴዎስ ዕረፍት እስከዚያ አዋጅ አምስት መቶ ዘጠና ዓመት ተቈጠረ። አዋጁ ሲነገር የአንድ መነኵሴ ትምህርት ሁለተኛው ክፍል ሕግ ሆነ ቢባል ሐሰት አይሆንም።

አርማንያም የእንግዳዋን ውለታ በሌላ መንገድ አገኘች። ራስ ተፈሪ በ1924 ዓ.ም. በኢየሩሳሌም የአርመን ገዳም፥ ወላጆቻቸው በእልቂት ያለቁባቸውን አርባ ብላቴኖች አይተው አዘኑላቸውና ወደ አዲስ አበባ አመጧቸው። አርባ ልጆች ተብለው የነሐስ መለከት የሚነፉ የሙዚቃ ጓድ ሆኑ። ኢትዮጵያዊውን ስደተኛ አባት የቀበረች አገር፥ ልጆቿ በተሰደዱ ጊዜ በኢትዮጵያ ማደሪያ አገኙ።

እንግዲህ ኢዮቤልዩ ሲከበር፥ መለከቱ የሚነፋው ለማን እንደ ሆነ ማሰብ ይገባል። ዛሬ በአዋጅ ባርያ የለም፤ ነገር ግን በሌላው ቤት እንጀራ የሚጋግሩ፥ በሌላው ደጅ ሌሊቱን የሚጠብቁ፥ በየካ ተራራ ሥር ድንጋይና ስሚንቶ የሚሸከሙ ወንድሞችና እኅቶች አሉ። ባለቤቱ ነጠላውን ለብሶ ወደ ቅዳሴ ሲወጣ፥ ሠራተኛይቱ ከምድጃው አጠገብ የምትቀር ከሆነ፥ በዚያ ቤት ሰንበት የገባችው በግማሽ ነው። አቡነ ኤዎስጣቴዎስ ስለ አንዲት ቀን ከተሰደዱ፥ ቀኒቱ የታላቁም የታናሹም ዕረፍት ስለ ሆነች ነው። የተውልንም አደራ ይኸው ነው።

በረከታቸው ከሁላችን ጋራ ይሁን፤ አሜን።