ከማዕበሉ በኋላ የነገሡት ዋግሹም፦ ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ዳግማዊ

ከአቡነ ዮሴፍ ተራራ ሥር የተቀመጠችው ላሊበላ የዛጉዌ ነገሥታትን ስም ለዓለም አስጠርታለች። ከዓለት የተፈለፈሉትን 11 አብያተ ክርስቲያናት ለማየት የሚመጣው እንግዳ ስለ ቅዱስ ላሊበላ፣ ስለ ቅዱስ ነአኩቶ ለአብና ስለ ይምርሐነ ክርስቶስ ሰምቶ ይመለሳል። ከስድስት መቶ ዓመታት ያህል በኋላ የዘር ሐረጋቸውን ከእነዚሁ ነገሥታት ቆጥረው፣ ከዋግና ከላስታ ተነሥተው ንጉሠ ነገሥት ስለ ተባሉት ሰው ግን ብዙም አይነገርም። የልጅነት ስማቸው ጎበዜ ገብረ መድኅን ነው። የንግሥ ስማቸው ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ዳግማዊ። በዐፄ ቴዎድሮስና በዐፄ ዮሐንስ አራተኛ መካከል ሦስት ዓመት ነገሡ። የታሪክ መጻሕፍትም ለሦስት ዓመቱ ጥቂት ገጽ ሰጥተው ያልፋሉ።

ዋግሹምነት ተራ ሹመት አልነበረም። በትውፊት እንደሚነገረው በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የዛጉዌ ሥርወ መንግሥት ዙፋኑን ለይኩኖ አምላክ ሲያስረክብ ለዘሩ የዋግና የላስታ ግዛት ተጠብቆለት ቀርቷል፤ ዋግሹሙም በንጉሠ ነገሥቱ ፊት በብር ወንበር የመቀመጥ ክብር ነበረው። የጎበዜ አባት ዋግሹም ገብረ መድኅን ይህን ማዕረግ የያዙ መስፍን ነበሩ። እናታቸው ወይዘሮ አይችሽ ተድላ ደግሞ ከጎንደር ነገሥታት ወገን ይወለዳሉ። ሕፃኑ በአባቱ ከሮሐ፣ በእናቱ ከጎንደር ተወለደ ማለት ነው። በዚያ ዘመን ሚዛን ከዚህ የሚበልጥ የትውልድ ሀብት ለማግኘት ያስቸግራል።

የእኒህ ሰው ሕይወት ዛሬ መነሣቱ ያለ ምክንያት አይደለም። በብዙ አገሮች ሃይማኖትን፣ ርስትንና ልማድን አክብሮ ለውጥን በልክ የሚቀበለው፣ በዘመኑ አነጋገር መሀል ቀኝ የሚባለው ፖለቲካ ከባድ ጥያቄ ላይ ወድቋል። የሕዝቡን ቁጣና ተስፋ በአንድ ሰው ስም የሚያሰባስበው ሕዝበኝነት ሲነሣ ልከኛው ወግ አጥባቂ ምን ይዞ ይቆማል? ማዕበሉ ሲያልፍስ ሥልጣን እጁ ቢገባ ምን ያደርግበታል? በኢጣሊያ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ አገሪቱን ለአርባ ዓመታት ያህል የመራው የክርስቲያን ዴሞክራቶች ፓርቲ እ.ኤ.አ. በ1994 ሲፈርስ፣ ቦታውን የወሰደው የቴሌቪዥን ጣቢያዎች ባለቤት የነበረው የቤርሉስኮኒ አዲስ እንቅስቃሴ ነበር። በእኛ አገር ፓርቲና ምርጫ ከመታሰቡ በፊት በጦርና በዙፋን ቋንቋ የዚህ ጥያቄ ዘመድ ተነሥቶ ነበር። ዋግሹም ጎበዜ መልስ ለመስጠት ሞክረዋል።

የዐፄ ቴዎድሮስን ታላቅነት የሚክድ የለም። መሳፍንት ከፋፍለው የያዙትን አገር አንድ ለማድረግ የተነሡ፣ ያለ ትልቅ ዘመድ የነገሡ ሰው ናቸው። መኳንንቱ እናታቸው ኮሶ ሻጭ ነበረች እያሉ ሲዘልፏቸው ስድቡ ከባላገሩ ጋር ይበልጥ አቀራረባቸው እንጂ አላራቃቸውም። በቋራ ሸፍተው ሳሉ የዘረፉትን ገንዘብ ለገበሬው የእርሻ መሣሪያ እንዲገዛበት እንደ ሰጡ በዜና መዋዕላቸው ተጽፏል። በየካቲት 1847 ዓ.ም. በደረስጌ ማርያም ሲነግሡ የመረጡት ስምም የቤተ መንግሥት ስም አልነበረም። ፍካሬ ኢየሱስ የተሰኘው መጽሐፍ ፍትሕና ሰላም ያመጣል ብሎ የተነበየለት፣ ሕዝቡ ሲጠብቀው የኖረ ንጉሥ ስም ነበር።

ከነገሡ በኋላም ወታደሩ በገበሬው ቤት እየተመራ መብላቱን ትቶ በደመወዝ እንዲያድር ሞከሩ። ለአንድ ደብር ሁለት ቀሳውስትና ሦስት ዲያቆናት ይበቁታል ብለው ከዚያ የተረፈውን የቤተ ክርስቲያን መሬት ግብር ለሚከፍለው ገባር ሊሰጡ ተነሡ። ሐሳቡ ለብዙ ገበሬ ጆሮ የሚጥም ነበር። ይሁን እንጂ ሐሳቡን የሚሸከም ተቋም አልነበረም፤ የነበረው የንጉሡ ፈቃድና የንጉሡ ቁጣ ነው። ካህናቱ አኮረፉ፣ መሳፍንቱ ሸፈቱ፣ ንጉሡም በየአቅጣጫው ሲዘምቱ ያ ሊታደጉት የተነሡለት ገበሬ የዘመቻው መቀለቢያ ሆነ። ጳጳሱ አቡነ ሰላማ ታስረው በጥቅምት 1860 ዓ.ም. በመቅደላ አረፉ። ጎንደርም በ1859 ዓ.ም. በገዛ ንጉሧ ተዘርፋ ተቃጠለች።

ከመሸፈቻ ምክንያቶች ሁሉ የጎበዜ የቀረበው የደም ነበር። አባታቸው ዋግሹም ገብረ መድኅን በዐፄ ቴዎድሮስ ትእዛዝ ተሰቅለዋል። ጎበዜ በ1857 ዓ.ም. ገደማ በዋግና በላስታ ደጋ ሸፍተው ቀስ በቀስ ግዛታቸውን አሰፉ፤ ጊዜ ቆይቶ ዐፄ ዮሐንስ የሚባሉት የትግራዩ ካሣ ምርጫም በአንድ ወቅት ከእሳቸው ጋር ተሰልፈው ነበር። ላስታ ለሸፋች የተመቸ አገር ነው፦ አምባው የተፈጥሮ ምሽግ፣ ገደሉም ጠላትን የሚያስቆም አጥር። ነገር ግን የጎበዜ ትልቁ መሣሪያ ትዕግሥት ይመስላል። ዐፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ሲያስጎትቱ፣ በዋድላ ደላንታ ገደል ላይ መንገድ እየጠረጉ ወራት ሲፈጅባቸው፣ የጎበዜ ጦር በአካባቢው ነበር። ግን ገጥሞ አላስቆማቸውም። ያባታቸውን ደም ለመመለስ የተነሡ ሰው ለምን ይህን ዕድል አለፉት? ቴዎድሮስን ፈርተው ነው የሚል ይኖራል። እኔ ግን ከፍርሃት ይልቅ ስሌት ይታየኛል፤ የሚወድቅን ዛፍ ለመጣል ጉልበት አይባክንም ብለው አስበው ይሆናል።

ዛፉን የጣለው ሌላ ሆነ። በጄኔራል ናፒየር የሚመራው የእንግሊዝ ጦር፣ 13 ሺህ ያህል ወታደሮችና 44 ዝሆኖች ይዞ ከዙላ ወደብ ተነሣ፤ በአሸንጌ ሐይቅ በኩል የላስታን ምሥራቃዊ ጫፍ ታክኮ ወደ መቅደላ ወጣ። በሐውዜን አቅራቢያ ካሣ ምርጫ ራሳቸው ተገኝተው ናፒየርን አነጋገሩ፣ ለጦሩም ስንቅና መንገድ ለቀቁ። ጎበዜም መንገዱን አልከለከሉም፤ እንግሊዞቹን ያነጋገሩት ግን በራሳቸው ሳይሆን በአጎታቸው በኩል ነው። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ እጅ ከመስጠት ሞትን መረጡ። መቅደላ ተዘረፈች፣ ተቃጠለች። ናፒየር ሲመለሱ 12 መድፎችና በመቶዎች የሚቆጠሩ ጠመንጃዎች ከነጥይታቸው ለካሣ ተዉላቸው። ጎበዜ ከዚያ ሁሉ ግርግር ያተረፉት ባዶ የሆነውን ዙፋን ነው።

በዚያው በ1860 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ተባሉ። የመረጡት ስም የሐሳባቸው መስተዋት ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ ስማቸውን ከትንቢት፣ ገና ከሚመጣው ዘመን ወሰዱ፤ ጎበዜ ግን ስማቸውን ካለፈው ወሰዱ። ከእሳቸው በፊት ተክለ ጊዮርጊስ የተባለው የጎንደር ንጉሥ በታሪክ ፍጻሜ መንግሥት የሚል ቅጽል ያለው፣ መሳፍንቱ ዙፋኑን መጫወቻ ሳያደርጉት በፊት የመጨረሻው ንጉሥ ነው። አዲሱ ተክለ ጊዮርጊስ ማለት የፈለጉት ግልጽ ነበር፦ ያ ሥርዓት ከተቋረጠበት ይቀጥላል።

ሥራቸውም ከስማቸው ጋር የተስማማ ነበር። ለጎንደር አድባራት መሬት መለሱ፣ የተጎዱትን አብያተ ክርስቲያናት አሳደሱ፣ ያኮረፉትን ካህናት አስታረቁ። መሳፍንቱን በሰይፍ ከመፈለግ በጋብቻ ማሰርን መረጡ። እሳቸው የካሣ ምርጫን እኅት ወይዘሮ ድንቅነሽን አገቡ፤ እኅታቸውን ወይዘሮ ላቀችን ደግሞ ጊዜ ቆይቶ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ለተባሉት ለጎጃሙ አዳል ተሰማ ዳሩ። ሸዋ በምኒልክ እጅ ነበር፤ እዚያም ለመዝመት አልቸኮሉም። ከዐሥራ ሦስት ዓመት ዘመቻ በኋላ አገሩ የፈለገው ዕረፍት ስለ ነበር ይህ አካሄድ ሞኝነት አልነበረም። የተቃጠለ ደብር ቄስ፣ ርስቱን የተነጠቀ ባላባት፣ ልጁ በዘመቻ የቀረበት አባት በእኒህ ንጉሥ ዘመን ትንሽ ተንፍሰዋል ብሎ ማሰብ ይቻላል።

ጥያቄው የቀረው ከገበሬው ዘንድ ነው። ቴዎድሮስ በክፉም በደጉም አንድ ነገር አንሥተው ነበር፦ ወታደሩን ማን ይመግበዋል? የመሬቱ ፍሬ ለማን ነው? ተክለ ጊዮርጊስ መሬቱን ለደብሩ ሲመልሱ ለጥያቄው የሰጡት መልስ ዝምታ ሆነ። የእሳቸው ትልቅ ጦርም እንደ ዘመኑ ጦር ሁሉ በባላገሩ ጎተራ የሚኖር ነበር። ወግ አጥባቂ ከማዕበል በኋላ ሲመጣ የፈረሰውን መጠገን ይቀለዋል፤ ማዕበሉን ያስነሣውን ምክንያት መመርመር ግን ይከብደዋል፣ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ እሱ ሊጠብቀው ከተነሣው ሥርዓት ውስጥ ይገኛልና። ከመቶ ዓመት በኋላ ኢዲዩ ተብሎ የሚታወቀው የኢትዮጵያ ዴሞክራሲያዊ ኅብረት በልዑል ራስ መንገሻ ሥዩምና በጄኔራል ነጋ ተገኝ መሪነት በደርግ ላይ ሲነሣ ተመሳሳይ አጣብቂኝ ገጥሞታል። በ1969 ዓ.ም. ሑመራንና መተማን እስከ መያዝ ደርሶ ነበር። መሬት ላራሹ በታወጀበት አገር ግን ገበሬው የድሮ ባለርስቶች ተመልሰው መሬቱን እንዳይወስዱበት ሠጋ፤ ድርጅቱም ያን ሥጋት ሳያስወግድ ተሸነፈ። ዘመኑም ሰዉም ይለያያሉ፤ የደረሰባቸው ፈተና ግን ይመሳሰላል።

ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስን የጣላቸው ገበሬው አልነበረም፤ አማቻቸው ነበሩ። ካሣ ምርጫም ቢሆኑ ወግ አጥባቂ ናቸው፤ ቤተ ክርስቲያንን ያከብራሉ፣ ዘራቸውን ይቆጥራሉ፣ መሳፍንትን ማጥፋት አላማቸው አልነበረም። ልዩነታቸው ሥርዓቱን ለማስቀጠል የሚያስፈልጉትን ሁለት ነገሮች ቀድመው መፈለጋቸው ነው። አንደኛው ጳጳስ ነው። አቡነ ሰላማ ካረፉ በኋላ አገሪቱ ጳጳስ አልነበራትም፤ ስለዚህ ተክለ ጊዮርጊስ በጳጳስ እጅ ሳይቀቡ ነገሡ። ለትውፊት ለሚታገል ንጉሥ ይህ ትልቅ ጉድለት ነበር። ካሣ ወደ እስክንድርያ መልእክተኞችና 20 ሺህ ብር ልከው በ1861 ዓ.ም. አቡነ አትናቴዎስን አስመጡ። ሁለተኛው ዘመናዊ ጦር ነው። እንግሊዛዊው ጆን ኪርክሃም በናፒየር መድፎችና ጠመንጃዎች የካሣን ወታደሮች አሠለጠነ። ንጉሠ ነገሥቱ ለደብሮች መሬት ሲመልሱ ባላንጣቸው ጥይት ይቆጥሩ ነበር።

በ1863 ዓ.ም. ክረምት ተክለ ጊዮርጊስ ወደ ትግራይ ዘመቱ። ሠራዊታቸው 60 ሺህ ያህል፣ የካሣ ደግሞ 12 ሺህ ያህል እንደ ነበር ይነገራል። ሐምሌ ላይ በዓድዋ አቅራቢያ በአሰም ተገናኙ። በቁጥር አምስት እጥፍ የሆነው ጦር በሠለጠነው ተኩስ ፊት ተሰበረ፤ ንጉሠ ነገሥቱ ቆስለው ተማረኩ። የዘመኑ ጭካኔም ተከተለ፦ ዓይናቸው ጠፋ። የታወረ ሰው ደግሞ ዳግመኛ አይነግሥም።

ካሣ ምርጫ ጥር 13 ቀን 1864 ዓ.ም. በአክሱም በአቡነ አትናቴዎስ እጅ ተቀብተው ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ ተባሉ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ለተመለከተ አንድ የሚገርም ነገር አለ። ዐፄ ዮሐንስ የመረጡት መንገድ የቴዎድሮስን ሳይሆን የተሸናፊውን ነበር። በ1870 ዓ.ም. በልቼ ስምምነት ምኒልክን በሸዋ ንጉሥነት አጸኑ፤ የተክለ ጊዮርጊስን አማች አዳልን በ1873 ዓ.ም. የጎጃም ንጉሥ አደረጉ። በየግዛቱ ያለውን መስፍን ሳያጠፉ፣ የበላይነታቸውን አስከብረው ማደር፣ ከቤተ ክርስቲያን ጋር ተስማምቶ መግዛት የተክለ ጊዮርጊስ ሐሳብ ነበር። እርግጥ ዮሐንስ በሃይማኖት ጉዳይ ከልክ አልፈዋል፤ በቦሩ ሜዳ ጉባኤ ማግሥት በወሎ ሙስሊሞች ላይ የደረሰው ጫና ከወግ አጥባቂነት ልክ የወጣ፣ ጠባሳውም ለረጅም ጊዜ የቆየ ነው። በአስተዳደሩ ረገድ ግን የዋግሹሙ ሐሳብ በትግራዩ ንጉሥ እጅ 17 ዓመት ኖረ።

የሐሳቡ ባለቤት ይህን ለማየት ዓይን አልነበራቸውም። ከተማረኩ በኋላ ብዙ ዓመት ሳይቆዩ በእስር ላይ እንዳሉ፣ ከላስታ ደጋ ርቀው በትግራይ ምድር አረፉ። ባለቤታቸው ድንቅነሽ የታወረው ንጉሥ ሚስት፣ የነገሠው ንጉሥ እኅት ነበሩ።