ዓለማየሁን ማን ያሳድገው?

ልዑል ዓለማየሁን አብዛኞቻችን የምናውቀው በመቅደላ ታሪክ ነው። እኔ ግን ዛሬ የማነሳው በራሴ ምክንያት ነው። ዘጠኝ ዓመቴ ላይ እናትና አባቴ እዚሁ ጋምቤላ ከተማ ተፋቱ። ፍርድ ቤቱ ከእናቴ ጋር እንድኖር፣ ቅዳሜና እሑድ ደግሞ አባቴ ጋ እንድሆን ወሰነ። በየቅዳሜው ልብሴን በፌስታል ይዤ የባሮን ድልድይ ስሻገር ውሳኔውን እረግም ነበር። የዓለማየሁን ሕይወት ካነበብኩ በኋላ ግን ሌላ ነገር ታየኝ።

ዓለማየሁ የተወለደው በ1853 ዓ.ም. ነው። አባቱ አፄ ቴዎድሮስ፣ እናቱ የደጃዝማች ውቤ ልጅ እቴጌ ጥሩወርቅ ናቸው። ትዳሩ ሰላም አልነበረውም። ንጉሡ ሌላ ሴት አቀረቡ፣ እቴጌይቱም ተገልለው ቆዩ። እንግዲህ ልጁ የወላጆቹን መራራቅ ያየው ገና አገሩ ላይ ሳለ ነው።

ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር መቅደላን ሲይዝ አባቱ ራሳቸውን ገደሉ። እናቱም ከጦሩ ጋር ወደ ሰሜን ሲጓዙ በበሽታ ተዳክመው ግንቦት ላይ ትግራይ ውስጥ አረፉ። የሰባት ዓመቱ ልጅ በመርከብ ተጭኖ ወደ እንግሊዝ ሄደ።

ጠባቂ ሆኖ የተሰጠው ካፒቴን ስፒዲ ነበር። ሰውዬው አማርኛ ይችላል፤ አገራችን ውስጥ ባሻ ፈለቀ ይባል ነበር። ልጁ እሱን ለደቂቃ እንኳ መለየት አይፈልግም። ስፒዲ ወደ ህንድ ሲመደብም ይዞት ሄደ። ታዲያ በ1864 ዓ.ም. የእንግሊዝ መንግሥት ልጁ ተመልሶ እንግሊዝ ውስጥ መማር አለበት ብሎ ወሰነ። ንግሥት ቪክቶሪያ ከስፒዲ መለየቱን አልወደደችውም፤ የመንግሥት ሰዎች ግን በሐሳባቸው ጸኑ። ልጁ አስተማሪዎች ቤት ገባ። ቼልተንሃም ተማረ፣ ቀጥሎ ራግቢ፣ ከዚያም ሳንድኸርስት የጦር ትምህርት ቤት ገባ። የእናቱ እናት ወይዘሮ ላቂያዬ ከአገር ቤት ደብዳቤ ይልኩ ነበር። እሱ ግን አማርኛውን ረስቷል። ኅዳር 1872 ዓ.ም. ሊድስ ከተማ ውስጥ በሳንባ በሽታ ሞተ። ዕድሜው ገና 18 ነበር። የተቀበረው ዊንዘር ነው፤ አፅሙ እንዲመለስ ኢትዮጵያ ብትጠይቅም በ2015 ዓ.ም. እንደገና እምቢ ተብሏል።

እዚህ ላይ ልብ ያልኩት ነገር አለ። በዚህ ታሪክ ውስጥ ክፉ ሰው መፈለግ ከባድ ነው። ንግሥቲቱ ታዝንለታለች፣ ስፒዲ ይወደዋል፣ ሚኒስትሮቹም ለትምህርቱ ነው ይላሉ። ነገር ግን አያቱን የሚያይበት ቀን የቆረጠለት የለም። አንድ ሰው ሲለምድ ደግሞ ከዚያ ይነሳል።

የዛሬው ሕግ ይህንን ለማስቀረት ይሞክራል። የፌዴራሉ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 213/1992) በአንቀጽ 113 ፍርድ ቤት ፍቺ ሲወስን ልጆቹ ከማን ጋር እንደሚኖሩ ብቻ ሳይሆን ከሌላው ወላጅ ጋር እንዴት እንደሚጠያየቁም እንዲወስን ያዝዛል። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎትም በ2000 ዓ.ም. በመዝገብ ቁጥር 23632 የልጁን ጥቅም አስቀድሞ፣ አባት እያለ ልጁ ካሳደገችው አክስቱ ጋር እንዲቆይ ወስኗል። ዓለማየሁ እንዲህ ዓይነት ችሎት ቢያገኝ ኖሮ ከስፒዲ ይለዩት ነበር? እኔ አይመስለኝም።

ጓደኞቼ፣ ነገ ጋዜጠኛ ሆነን የፍቺ ጉዳይ ስንዘግብ እናት ምን አለች፣ አባት ምን አለ ብለን ብቻ እንዳንመለስ። የልጁን ስምና ፎቶ እናስቀር፣ የሚፈልገውን ግን እንጠይቅ። እኔ ያኔ ቢጠይቁኝ ቅዳሜ ኳስ አለኝ፣ በእሑድ ይሁንልኝ እል ነበር። አባቴን አላይም ግን አልልም ነበር። ያ ድልድይ ረጅም ቢመስለኝም፣ ማዶው ላይ የሚጠብቀኝ ሰው ነበረኝ።