የቅድስት ወለተ ጴጥሮስ ልግስና

ከደብረ ታቦር ወደ ምዕራብ ተወርዶ በጣና ሐይቅ ዳር የምትገኘው ቆራጣ በቀድሞ ዘመን የነጋዴዎች ከተማ ነበረች። ብዙ ገንዘብ ይገላበጥባት የነበረችው ይህች ከተማ ግን የምትከበረው ገንዘብ በሰበሰቡት ሳይሆን ያላትን ሁሉ በሰጠች በአንዲት እናት ስም ነው፤ ይህችውም ቅድስት ወለተ ጴጥሮስ ናት። በየዓመቱ ኅዳር 17 ቀን በዓሏ ሲከበር ስለ ሃይማኖት ያደረገችውን ተጋድሎ እንሰማለን። ዛሬ ደግሞ መስጠትን እንዴት እንደ ተማረች እንመልከት። ተማረች ማለታችን፣ ልግስና በአንድ ቀን የማይፈጸም ትምህርት ስለ ሆነ ነው።

ቅድስት ወለተ ጴጥሮስ በ1584 ዓ.ም. ገደማ ከአባቷ ከባሕር ሰገድና ከእናቷ ከክርስቶስ ዕበያ ተወለደች። ወገኖቿ ባለ ማዕርግ ስለ ነበሩ ከዐፄ ሱስንዮስ ታላላቅ ሹማምንት አንዱ ለነበረው ለመልክዐ ክርስቶስ ተዳረች። ሦስት ልጆች ወልዳ ሦስቱም በሕፃንነታቸው አረፉ። በትዳር ሳለች በጾምና በጸሎት ትተጋ፣ ነዳያንንም ትመግብ ነበር። ይህ የልግስናዋ መጀመሪያ ነው። ነገር ግን ቤቷ ሙሉ፣ አገልጋይዋም ብዙ ስለ ነበር የሰጠችው ከሞላው ነው ብንል አንሳሳትም።

ኋላም ዓለምን ለመተው ቈርጣ በመነኮሳት ረዳትነት ከቤቷ ወጣች፤ ወርቋንና ጌጧንም ለድኾች አከፋፈለች። ብዙዎቻችን ልግስና በዚህ የተፈጸመ ይመስለናል። እግዚአብሔር ግን ከወርቅ የሚበልጥ ስጦታ እንድትሰጥ ፈቀደ። ባሏ ወታደር አስከትሎ ሊፈልጋት በመጣ ጊዜ የተሸሸገችበት አገር ሕዝብ በእርሷ ምክንያት ተጨነቀ፣ ተዘረፈም። እርሷም ድኾች ስለ እኔ አይጐዱ ብላ ወደ ሸሸችው ቤት ተመለሰች። ወርቋን መስጠት ቀሏት ነበር ይሆናል፤ ነጻነቷን ስለ ሌሎች መስጠት ግን እጅግ ከባድ ነው።

በ1609 ዓ.ም. አቡነ ስምዖን በተገደሉ ጊዜ ባሏ በዚያ ደም እጁ እንዳለበት ዐወቀች። ከዚህ በኋላ ትዳሯን ፈጽማ ትታ መነኰሰች። በፊት በገረዶች እጅ የተጋገረውን እንጀራ ለድኻ ትሰጥ የነበረችው እመቤት አሁን ራሷ እህል ፈጨች፣ ውሃ ቀዳች፣ እንጨት ተሸከመች። ምጽዋት ከእጅ ወደ ጉልበት፣ ከጉልበትም ወደ ልብ የሚወርደው በዚህ መንገድ ነው።

ዐፄ ሱስንዮስ በ1614 ዓ.ም. የሮማን ሃይማኖት በይፋ በተቀበሉ ጊዜ ቅድስት ወለተ ጴጥሮስ ሕዝቡ በአባቶቹ ሃይማኖት እንዲጸና አስተማረች። ስለዚህም በሸንጎ ቀረበች፣ ወደ ዠባይም ተግዛ ሦስት ዓመት ቈየች። በግዞት ሳለች እንኳ ሰዎች ወደ እርሷ ተሰበሰቡ። በ1624 ዓ.ም. የቀደመችው ሃይማኖት ከተመለሰች በኋላም ማኅበሯ እየበዛ ሄደ። በሕይወቷ ሰባት ማኅበራትን እንዳቋቋመች ይነገራል። በእነዚህ ማኅበራት የእኔ የሚባል ነገር አልነበረም፤ ምግቡም ልብሱም እንደ ሐዋርያት ዘመን የጋራ ነበር። እመ ምኔት ሆናም ከልጆቿ ማዕድ የተለየ ማዕድ አልፈለገችም። ከ26 ዓመት የምንኵስና ሕይወት በኋላ ኅዳር 17 ቀን 1635 ዓ.ም. በ50 ዓመቷ ዐረፈች፣ በሬማ ደሴትም ተቀበረች። ካረፈች ከ30 ዓመት በኋላ ገላውዴዎስ የተባለ መነኵሴ ገድሏን ጻፈ።

እንግዲህ ሁላችንም ቤታችንን ትተን እንመንን አንልም፤ ልጅ ማሳደግና አባት እናትን መጦርም የእግዚአብሔር ሥራ ነው። ነገር ግን ራሳችንን እንመርምር። በዝክርና በማኅበር ቀን ማዕዱን የምንዘረጋው ነገ ለሚጠራን እኩያችን ነው፤ ለነዳያን ግን ጠላው ከቀጠነ፣ ወጡም ካለቀ በኋላ በደጅ እንሰጣቸዋለን። እኛ ካህናትም ምእመናን ስጡ ብለን በዐውደ ምሕረት ስናስተምር፣ ከእጃችን የሚወጣውን ቈጥረን እናውቅ እንደ ሆነ ልንጠይቅ ይገባናል። ከሞላው የሰጠ ሰው ጥሩ ጀምሯል፤ ግን በመጀመሪያው ደረጃ ላይ እንዳይቀር ያስፈልጋል።

ስለዚህ በሚመጣው ዝክር ድኻውን ከደጅ አስገብተን ከሌላው እንግዳ ጋራ እናስቀምጠው፤ ከፊተኛው እንጀራ እንቍረስለት፤ በእጃችንም እናስተናግደው። ቅድስት ወለተ ጴጥሮስ ወርቋን ከሰጠች በኋላ ገና ብዙ የምትማረው ነበራት፤ እኛማ ወርቁንም ገና አልሰጠንም።

የቅድስት ወለተ ጴጥሮስ አምላክ የተዘረጋ እጅና የቀና ልብ ይስጠን፤ አሜን።