ሃሮልድ ጊሊስና የቆዳው ቱቦ

ሃሮልድ ጊሊስ በ1882 ዓ.ም. (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በኒውዚላንድ በዱኒዲን ከተማ ተወለደ። ሕክምናን በእንግሊዝ አገር በኬምብሪጅ ዩኒቨርሲቲና በለንደኑ ቅዱስ በርተሎሜዎስ ሆስፒታል ተማረ። በ1904 ለዩኒቨርሲቲው በጀልባ ቀዘፋ ውድድር የተሰለፈ፣ በጎልፍም የታወቀ ስፖርተኛ ነበር። ሙያው የጆሮ፣ የአፍንጫና የጉሮሮ ሕክምና ስለ ነበረ፣ አንደኛው የዓለም ጦርነት ባይነሣ ኖሮ ስሙ ከለንደን አልፎ ይሰማ ነበር ለማለት ያስቸግራል።

በ1915 ወደ ፈረንሳይ ሲዘምት የምሽግ ውጊያ በሰው ፊት ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት አየ። ወታደሩ በምሽግ ውስጥ ሲቆም አካሉን አፈር ይከልልለታል፤ ራሱ ግን ለጥይትና ለፍንጣሪ የተጋለጠ ነው። ጊሊስ በ1916 መጀመሪያ በኦልደርሾት የጦር ሆስፒታል ለፊት ቁስለኞች የተለየ ክፍል እንዲከፈት አደረገ። በዚያው ዓመት ከሶም ጦርነት 2,000 ያህል ቁስለኞች ስለ ጎረፉ ክፍሉ አልበቃም፤ በ1917 በለንደን አቅራቢያ በሲድካፕ ራሱን የቻለ ሆስፒታል ተቋቋመ። በዚያ ከ5,000 በሚበልጡ ሰዎች ላይ ከ11,000 የሚበልጥ ቀዶ ሕክምና ተደርጓል። ወደ ከተማው በሚወስደው መንገድ አንዳንድ አግዳሚ ወንበሮች ሰማያዊ ቀለም ተቀብተው ነበር፤ ይኸውም የሚቀመጡባቸው የፊት ቁስለኞች መሆናቸውን አላፊ አግዳሚው አስቀድሞ ዐውቆ እንዳይደነግጥ ነው።

የጎደለውን ፊት ለመሙላት ከግንባር፣ ከአንገት ወይም ከደረት ቆዳ መነሣት ነበረበት። ቆዳው ከሥሩ ካለው ስብ ጋር ተነሥቶ በአንድ ጫፉ ከአካሉ ጋር እንደ ተያያዘ ይቀራል። ሕይወቱም በዚያ ጫፍ በሚገባው ደም ላይ የተንጠለጠለ ነው። ደሙ ካልደረሰ ዳር ዳሩ ይገረጣል፤ ገብቶ መመለሻ ካጣ ደግሞ ይጠቁራል። ሁለቱም ወደ መበስበስ ያደርሳሉ። ከዚህም ሌላ የቆዳው የውስጥ ገጽ ለአየር ስለሚጋለጥ ያመረቅዛል፤ ፔኒሲሊን ገና አልተገኘም ነበር።

በ1917 ጊሊስ በባሕር ጦርነት ፊቱ የተቃጠለ መርከበኛ ሲያክም፣ ከደረት ያነሣው ረጅም የቆዳ ቁራጭ ጠርዞቹ ወደ ውስጥ ሲጠቀለሉ አስተዋለ። ጠርዞቹን እርስ በርሳቸው ሰፋቸው፤ ቆዳውም ቱቦ ሆነ። የተላጠው ገጽ ወደ ውስጥ ስለ ተዘጋ ቁስል አልቀረውም፤ የደም ሥሮቹም በቱቦው ርዝመት ተሰልፈው ይዳብሩ ጀመር። የቱቦው ጫፍ በአዲሱ ቦታ ከተሰፋ በኋላ ከዚያ በኩል ደም መግባቱ እስኪረጋገጥ ጥቂት ሳምንታት ይጠበቃል፤ የቀድሞው ሥር የሚቆረጠው ከዚያ ወዲያ ነው። አዲስ መስመር ሳይገጠም የቀድሞውን መዝጋት ለማንኛውም የውኃ መሐንዲስ እንግዳ ስሕተት አይደለም። በእነዚያው ዓመታት በኦዴሳ ፊላቶቭ፣ በበርሊንም ጋንትሰር ሳይገናኙ ተመሳሳይ ዘዴ አግኝተዋል።

ዳሩ ግን ቱቦው ብቻውን አላዳነም። በ1918 መጀመሪያ ፊቱ በሙሉ የተቃጠለ አንድ ወጣት አውሮፕላን አብራሪ ያክም ነበር። ጊሊስ መላውን ፊት ባንድ ጊዜ ለመሸፈን ከደረቱ እጅግ ሰፊ ቆዳ አነሣ። ቆዳው ደም አንሶት አመረቀዘ፣ በሰበሰ፤ ወጣቱም በማርች ወር ሞተ። ጊሊስ የወጣቱን መዳከም እያወቀ ይህን ያህል ሥራ ባንድ ቀን መሥራቱ ጥፋት መሆኑን ለራሱ አምኗል፤ በ1920 ባሳተመው መጽሐፍም ታሪኩን አልደበቀም። ስለ ድል ብቻ መጻፍ በሐኪሞችም ሆነ በመሐንዲሶች ዘንድ የተለመደ ነውና፣ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ከዚያ ወዲህ ሥራውን ከፋፍሎ መሥራትን ጠባይ አደረገ። ሊነሣ የታሰበው ቆዳ በመጀመሪያ በከፊል ብቻ ይቆረጣል፤ የቀሩት የደም ሥሮች በጥቂት ቀናት ይሰፋሉ፤ ሲነሣም ቀድሞ ይሞት የነበረው ጫፍ ይተርፋል። አንድ ፊት ዓመታት ይፈጃል፤ ቁስለኛውም ቱቦ ከደረቱ ወደ አገጩ ተዘርግቶለት ይመገባል፣ ይተኛል። የቆዳው ርዝመት ከሥሩ ስፋት ጋር መመጣጠን አለበት የሚለው ደንብም ለረጅም ጊዜ እንደ ሕግ ተቆጠረ። ወሳኙ ስፋቱ ሳይሆን በውስጡ የሚያልፉት የደም ሥሮች መሆናቸውን ሚልተን የተባለ ሐኪም በአሳማዎች ላይ ሞክሮ ያሳየው በ1970 ነው። ከ1973 ወዲህ ደግሞ ቀጫጭን የደም ሥሮችን በማይክሮስኮፕ እያዩ መስፋት ስለ ተቻለ ቱቦው በአብዛኛው ቀርቷል።

ጊሊስ በ1930 የሰርነት ማዕርግ ተቀበለ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነትም የዘመዱን የማኪንዶን የመሳሰሉ ተተኪዎች አብረውት ሠርተዋል። በ1960 በኦገስት ወር የአንዲት ወጣት ሴት እግር ሲያክም በቀዶ ሕክምናው ክፍል ውስጥ ታመመ፤ ሴፕቴምበር 10 ቀን በ78 ዓመቱ ለንደን ውስጥ ዐረፈ።