በሁለት ዘውድ መካከል፤ የንጉሥ ሚካኤል ሕይወት

በመካከለኛው ዘመን በእንግሊዝና በስኮትላንድ ድንበር ከሁለቱም ነገሥታት ርስት የያዙ መኳንንት ነበሩ። አንዳንዶቹም ለእንግሊዝ ንጉሥ ዳኛ ሆነው ያገለግሉ ነበር። ነገሥታቱ በሰላም እስካሉ ድረስ ኑሮው ምቹ ነው፤ ሲጣሉ ግን አንዱን መምረጥ ግድ ይሆናል። የእኛ ወሎም እንዲህ ያለ ሰው አይታለች።

መሐመድ ዓሊ የወረ ሂማኖው የኢማም ዓሊ አባ ቡላ ልጅ ናቸው። በ1870 ዓ.ም. ከደሴ ብዙም በማይርቀው በቦሩ ሜዳ ዐፄ ዮሐንስ ጉባኤ አድርገው፣ የወሎ መኳንንት ክርስትና እንዲነሡ ባዘዙ ጊዜ፣ ተጠምቀው ሚካኤል ተባሉ። የክርስትና አባታቸው ራሳቸው ዐፄ ዮሐንስ ነበሩ። ተቀናቃኛቸው ኢማም አባ ዋጠው ደግሞ ኃይለ ማርያም ሲባሉ፣ የክርስትና አባት የሆኗቸው የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ ናቸው። አንድ አገር፣ ሁለት ባላባት፣ ሁለት ንጉሥ!

ትእዛዙን ብዙ ሕዝብ አልተቀበለም። እነ ሸኅ ጦልሐ ሲሸፍቱ ራስ ሚካኤል የትናንት ሃይማኖት ወንድሞቻቸውን ለመውጋት ዘመቱ። ይህን ሳይናገሩ ስለ ሰውየው ታላቅነት ብቻ መጻፍ ለእኔ ታሪክን መሸፈን ነው።

ዐፄ ዮሐንስ በ1881 ዓ.ም. መተማ ላይ ሲወድቁ ራስ ሚካኤል ለምኒልክ ገቡ፤ ልጃቸውን ወይዘሮ ሸዋረጋንም አገቡ። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዐድዋ፣ በማርያም ሸዊቶ በኩል የጄኔራል ዳቦርሚዳን ጦር ያሳደደው የእሳቸው ፈረሰኛ ነው።

ደሴን ዋና ከተማቸው አድርገው አይጠየፍ አዳራሽን አሠሩ። ከኮምቦልቻ አቀበቱን ወጥታችሁ ያላያችሁት ካላችሁ፣ አንድ ቅዳሜ ብትሰጡት አትጸጸቱም። ስሙ ማንንም አይጸየፍም ለማለት ነው። በዚያ ዘመን የግዛት ገዥ ዳኛም ነበረና፣ እስላሙም ክርስቲያኑም አቤት ሲል የሚቆመው በሁለቱም እምነት ካለፉት ከእኚህ ሰው ፊት ነበር።

ምኒልክ በ1906 ዓ.ም. ሲሞቱ አልጋው ለልጅ ልጃቸው ለልጅ ኢያሱ ሆነ። በዚያው ዓመት በግንቦት ራስ ሚካኤል ደሴ ላይ የወሎና የትግሬ ንጉሥ ተብለው ዘውድ ጫኑ። መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ግን የሸዋ መኳንንት ኢያሱን ከአልጋ አወረዱ። ክሳቸው ወደ እስልምና አዘነበለ የሚል ነበር። አባት በቦሩ ሜዳ የከፈሉት ዋጋ ልጁን አላዳነውም።

እስከዚያ ቀን ሚካኤል ከአሸናፊው ጋር መቆምን የሚያውቁ ሰው ነበሩ። አሁን ግን የልጃቸውን ወገን መርጠው ዘመቱ። ቶራ መስክ ላይ ራስ ልዑል ሰገድን ድል ነሥተው ገደሏቸው። ወዲያው ወደ አዲስ አበባ ቢገሰግሱ ኖሮ ነገሩ ሌላ በሆነ ነበር ብዬ አምናለሁ፤ ነገር ግን ዘገዩ። የፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ የማዘናጊያ መልእክት ነው ያቆያቸው ይባላል። የሸዋ ጦር ተሰብስቦ ጥቅምት 17 ቀን ሰገሌ ላይ ገጠማቸው። ኢያሱ ለውጊያው አልደረሱም። ከሁለቱም ወገን ብዙ ሺህ ሰው አለቀ፤ ንጉሡም ተማረኩ።

በጃን ሜዳው የድል ሰልፍ ላይ ሽማግሌው ንጉሥ በሰንሰለት ታስረው በሕዝብ ፊት አለፉ። ከተመልካቾቹ አንዱ በኋላ ታዋቂ መንገደኛ የሆነው የእንግሊዝ ሚኒስትር ልጅ፣ የስድስት ዓመቱ ዊልፍሬድ ቴሲገር ነበር። ንጉሥ ሚካኤል በእስር እንዳሉ በጳጉሜን 1910 ዓ.ም. ዐረፉ። ኢያሱ በዚያን ጊዜ ገና አልተያዙም ነበር።