ዊሊያም ፕሌይፌር

ዊሊያም ፕሌይፌር (ሴፕቴምበር 22 ቀን 1759 – ፌብሩዋሪ 11 ቀን 1823 እ.ኤ.አ.) ስኮትላንዳዊ መሐንዲስና የምጣኔ ሀብት ጸሐፊ ነበር። ይበልጥ የሚታወቀው ግን ቁጥርን በሥዕል የማሳየት ዘዴ መሥራች በመሆኑ ነው። ባለ ዓምድ ግራፍ (ባር ግራፍ)፣ የንግድ መረጃ የሚያሳይ የመስመር ግራፍና ክብ ግራፍ (ፓይ ቻርት) በእሱ መጻሕፍት ተዋውቀዋል። በዛሬው ጊዜ በእንግሊዝኛ ቋንቋ የጽሑፍ ፈተና ላይ ተፈታኞች እንዲገልጹት የሚቀርበው ባለ ዓምድ ግራፍ መነሻውም የእሱ ሥራ ነው። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ልጅነትና ሥልጠና

ፕሌይፌር የተወለደው በስኮትላንድ ውስጥ በደንዲ ከተማ አቅራቢያ ባለችው የቤንቪ መንደር ነው። አባቱ ጄምስ ፕሌይፌር የስኮትላንድ ቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ነበር። አባቱ በ1772 ሲሞት ዊሊያም ገና ልጅ ስለነበር የማሳደጉና የማስተማሩ ኃላፊነት በታላቅ ወንድሙ በጆን ላይ ወደቀ። ጆን ፕሌይፌር በኋላ በኤድንብራ ዩኒቨርሲቲ የሒሳብ መምህር ሆኖ ስሙ የገነነ ሰው ነው። ለታናሽ ወንድሙ ከሰጣቸው መልመጃዎች አንዱ የአየሩን ሙቀት በየቀኑ እየለካ በመስመር ርዝመት እንዲያሳይ ማድረግ ነበር። ዊሊያም ለኋለኛው ሥራው መሠረት የሆነው ይህ ልምምድ እንደሆነ ራሱ መስክሯል።

ከዚያም የእህል መውቂያ መኪና በመሥራት ከሚታወቀው ከአንድሩ ሚክል ዘንድ ገብቶ ሙያ ተማረ። በ1777 ወደ በርሚንግሃም ሄዶ የእንፋሎት ሞተርን ያሻሻለው የጄምስ ዋት ረዳትና ነዳፊ ሆነ። በ1780ዎቹ መጀመሪያ ይህን ሥራ ትቶ በለንደን የብር ዕቃ መሥሪያ ቢከፍትም ንግዱ አልተሳካም።

የ1786 አትላስና የመጀመሪያው ባለ ዓምድ ግራፍ

ፕሌይፌር በ1786 «የንግድና የፖለቲካ አትላስ» የተባለውን መጽሐፉን በለንደን አሳተመ። ስሙ አትላስ ቢባልም ካርታ አልነበረበትም። በካርታ ምትክ በመዳብ ሰሌዳ ላይ ተቀርጸው በእጅ የተቀቡ 44 ግራፎች ነበሩበት። ከእነዚህ 43ቱ ጊዜን በአግድም፣ የገንዘብ መጠንን በቁመት የሚያሳዩ የመስመር ግራፎች ናቸው። አንዱ መስመር ወደ አገር የሚገባውን፣ ሌላው ከአገር የሚወጣውን ዕቃ ዋጋ ያሳያል። በሁለቱ መስመሮች መካከል ያለው ክፍት ቦታ ደግሞ አገሪቱ በንግዱ ማትረፏን ወይም መክሰሯን በአንድ እይታ ይገልጻል።

አርባ አራተኛው የተለየ ነበር። ፕሌይፌር የስኮትላንድን ንግድ በዚሁ መንገድ ለማሳየት ቢፈልግም ያገኘው የአንድ ዓመት መረጃ ብቻ ነበር፤ እሱም የ1781 ነው። በአንድ ዓመት ቁጥር መስመር መሳል አይቻልም። ስለዚህ ስኮትላንድ የምትነግድባቸውን 17 አገሮችና ግዛቶች በዝርዝር ጽፎ በእያንዳንዳቸው ፊት ሁለት አግድም ዓምዶችን አኖረ፤ አንዱ ለገቢ፣ ሌላው ለወጪ ንግድ። የመጀመሪያው የታወቀ የምጣኔ ሀብት ባር ግራፍ በዚህ ዓይነት ከመረጃ እጥረት ተወለደ። ፕሌይፌር ራሱ ግን ይህን ግራፍ ከሌሎቹ ያነሰ ጥቅም እንዳለው ይቆጥረው ነበር፤ ምክንያቱም ነገሩ በጊዜ ብዛት እንዴት እንደተለወጠ አያሳይም።

ፓሪስና ኪሳራ

በ1787 ፕሌይፌር ወደ ፓሪስ ተሻገረ። በ1789 ባስቲል በተባለው ምሽግ ላይ በተደረገው ጥቃት እንደተሳተፈ ይነገራል። በዚያው ጊዜ በአሜሪካ በኦሃዮ ወንዝ አጠገብ ያለን መሬት ለፈረንሳውያን በሚሸጠው በስዮቶ ኩባንያ ውስጥ ይሠራ ነበር። በመቶ የሚቆጠሩ ገዢዎች ባሕር ተሻግረው ሲደርሱ የገዙት መሬት ባለቤትነት በሕግ ያልተረጋገጠ ሆኖ አገኙት።

ፕሌይፌር በ1790ዎቹ ወደ ለንደን ተመልሶ ባንክ አቋቋመ፤ ያም ከሰረ። በዕዳ ምክንያት እስከ መታሰር ደረሰ። ከዚያ በኋላ ኑሮውን በአብዛኛው የገፋው በጽሑፍ ሥራ ነው።

የኋለኞቹ ሥራዎች

በ1801 ባሳተመው አነስተኛ የስታቲስቲክስ መጽሐፍ የአውሮፓ መንግሥታትን የቆዳ ስፋት በክብ መጠን አመለከተ። በእያንዳንዱ ክብ ግራ የሕዝቡን ብዛት፣ በቀኝ የግብሩን ገቢ በቁም መስመር አሳየ። የኦቶማን መንግሥትን ክብ በእስያ፣ በአውሮፓና በአፍሪካ ባሉት ግዛቶቹ መጠን ከፋፍሎታል፤ ይህም የመጀመሪያው ክብ ግራፍ ነው ተብሎ ይታመናል። በ1805 የአዳም ስሚዝን «የመንግሥታት ሀብት» ከራሱ ማብራሪያ ጋር አሳተመ።

በ1821 ባወጣው ጽሑፍ ደግሞ ከ250 ዓመት በላይ የሆነውን የስንዴ ዋጋ በዓምዶች፣ የሠራተኛን ሳምንታዊ ደመወዝ በመስመር አድርጎ በአንድ ግራፍ ላይ አቀረበ። በዚህም ስንዴ ከደመወዝ ጋር ሲነጻጸር በቅርቡ ጊዜ የረከሰውን ያህል ረክሶ እንደማያውቅ ለማስረዳት ሞከረ። ከሁለት ዓመት በኋላ በድህነት እንዳለ በለንደን አረፈ።

ውርስ

በብሪታንያ የፕሌይፌር ግራፎች በሕይወቱ ዘመን ብዙም ትኩረት አላገኙም። በዘመኑ የነበሩ ምሁራን በሰንጠረዥ የተደረደረ ቁጥርን ከሥዕል አብልጠው ያምኑ ነበር። ዘዴው በስፋት ተቀባይነት ያገኘው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ውስጥ ነው።

ዛሬ ባር ግራፍ ከጋዜጣ እስከ መማሪያ መጽሐፍ ይገኛል። በአይኤልትስ የአካዳሚክ ጽሑፍ ፈተና የመጀመሪያ ጥያቄ ላይም ከሚቀርቡት ሥዕሎች አንዱ ነው። ተፈታኙ ያየውን ቢያንስ በ150 ቃላት መግለጽ አለበት፤ ለዚህም 20 ደቂቃ ያህል እንዲያውል ይመከራል። የሚፈለገው እያንዳንዱን ቁጥር መቁጠር ሳይሆን ዋና ዋናዎቹን መርጦ ማነጻጸር ነው። ግራፉ የማይናገረውን ምክንያት መጨመርም ሆነ የራስን አስተያየት መስጠት የጥያቄው አካል አይደለም።

የ1781ዱ የስኮትላንድ ግራፍ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ይሆናል። በወጪ ንግድ ረጅሙ ዓምድ የአየርላንድ ነው፤ ከሩሲያ ግን የሚገባው ዕቃ ወደዚያ ከሚላከው እጅግ ይበልጣል፤ ከዝርዝሩ ጥቂቶቹ ደግሞ ዓምዳቸው እምብዛም አይታይም። እነዚህን ሦስት ነጥቦች የጻፈ ሰው የግራፉን ዋና መልእክት ይዟል። መረጃው የአንድ ዓመት ብቻ በመሆኑ ግን ንግዱ ጨመረ ወይም ቀነሰ ብሎ መጻፍ ስሕተት ነው። ተፈታኞች ብዙ ጊዜ የሚሳሳቱበት ይህ ነጥብ ፕሌይፌር የራሱ ግራፍ ጉድለት አድርጎ ያየው ነገር ነው።