የሐይቁ መምህር አባ ኢየሱስ ሞዐ

ከኮምቦልቻ ተነሥቶ ደሴን በማለፍ ወደ ወልድያ የሚጓዝ ሰው፣ ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ያህል እንደ ራቀ የሐይቅን ውሃ ያያል። ደሴና ኮምቦልቻ ከተማ ከመሆናቸው ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት በዚህ ውሃ መካከል፣ በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም፣ ታላቅ የንባብና የጽሕፈት ትምህርት ቤት ነበረ። መምህሩም አባ ኢየሱስ ሞዐ ነበሩ።

ገድላቸው እንደሚተርከው አባ ኢየሱስ ሞዐ የተወለዱት በዳህና ነው። በወጣትነታቸው ወደ ትግራይ ተሻግረው ደብረ ዳሞ ገቡ፤ በአባ ዮሐኒ ዘንድም መነኰሱ። በዚያም መጻሕፍትን በመጻፍ እጃቸው የተመሰገነ ሆነ። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1248 ገደማ ወደ ሐይቅ መጥተው፣ እስከ ዕለተ ሞታቸው 45 ዓመት ያህል አስተማሩ።

በዚያን ዘመን መማር የሚሻ ማኅበር መጽሐፉን ራሱ ማዘጋጀት ነበረበት። ቆዳው ተወጥሮ ይፋቃል፤ ቀለም ይበጠበጣል፤ ብዕር ይቀረጻል። ጽሑፉም ሲያልቅ ከዋናው ጋራ እየተያየ ይታረማል፤ ከዚያም ይደጐሳል። ይህ ሁሉ የብዙ እጅ ሥራ ነው። በአብነት ትምህርት ልማድም የቀደመው ተማሪ ተከታዩን ያስጠናል፤ ያገሩም ሰው ካለው እያካፈለ ተማሪውን ይቀልባል። እንግዲህ ትምህርቱ የመምህሩ ብቻ ሳይሆን የማኅበሩ ሀብት ነው።

አባ ኢየሱስ ሞዐም ይህን ያውቁ ነበር። በ1280 ወይም በ1281 ያዘጋጁትን፣ ሥዕላቸው ያለበትን የብራና ወንጌል ለገዳሙ ሰጡ። ያ ወንጌል የብዙ ዘመን መከራ አልፎ እስከ ዘመናችን ደርሷል።

ከደቀ መዛሙርታቸው ስማቸው እጅግ የገነነው አቡነ ተክለ ሃይማኖት ናቸው። እኒህ አባት ከሸዋ መጥተው በሐይቅ ዓመታት ከቈዩ በኋላ ወደ ደብረ ዳሞ ዘለቁ፤ ወደ አገራቸውም ተመልሰው ኋላ ደብረ ሊባኖስ የተባለውን ደብረ አስቦን መሠረቱ። በደብረ ዳሞ የተቀዳው ትምህርት በሐይቅ በኩል ሸዋ የደረሰው እንዲህ ነው።

አባ ኢየሱስ ሞዐ በ1293 ገደማ ዐረፉ፤ በዓላቸውም ኅዳር 26 ቀን ይከበራል። መምህሩ ሲሞቱ ትምህርቱ አልሞተም፤ ቀድሞውኑ በብዙ ሰዎች ልብና በብራና ላይ ተዘርቶ ነበርና። ዛሬ በየትምህርት ቤቱና በየመሥሪያ ቤቱ የምንገኝ ወጣቶች፣ ያወቅነውን በመሳቢያችን ቈልፈን ከያዝነው ከእኛ ጋራ ይቀበራል፤ ለባልንጀራችን ካስጠናነው ግን ከዕድሜያችን ይረዝማል።